ሁለቱም ጉበት ፈላ

የራጅ ጨረር የሚከልለውን የእርሳስ ሽርጥ መጀመሪያ የነካሁት ልጅ ሆኜ እናቴን ፍለጋ ሐኪም ቤት በሄድኩ ጊዜ ነው። ራጅ ክፍል ውስጥ ከበሩ ኋላ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ነበር። የዝናብ ካፖርት መስሎኝ ላወርደው ስሞክር ክብደቱ እጄን ይዞ ወደ ታች ጎተተኝ። ወለል ትወለውል የነበረችው እናቴ ቀና ብላ፣ "ተይው፣ የጋሼ ነው" አለችኝ። እሷ ራሷ በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኗ አንድ ቀን አልነካችውም። ግድግዳውን ስታጸዳ እንኳ ሽርጡን ሳትነካ በዙሪያው ነበር የምታልፈው።

የሐኪም ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከግድግዳው ጋር አይደለም። ከነገሌና ከዙሪያዋ፣ ከሻኪሶ፣ አንዳንዴም ከያቤሎ ሰው ታሞ የሚመጣበት፣ ግቢው ሁልጊዜ የገበያ ቀን የሚመስል ቤት ነው ብል ይበቃል። ጠቤ ስለዚያ ሽርጥ ነው። ማን ይለብሰዋል፣ ማን አይለብሰውም፣ ለምን?

እናቴ የጽዳት ሠራተኛ ናት። አባቴ ከወሎ የመጣ ወታደር ነበር፤ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ሞተ። እናቴ ግን የዚሁ አገር ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውን ከአባቴ፣ ሱማሊኛውን ከገበያ ለቀመችው። በዚህ ምክንያት ወለል ልትጠርግ የተቀጠረች ሴት ሌላ ሥራ ተጨመረላት፤ ራጅ የሚነሳ ልጅ መያዝ።

ራጅ ክፍሉ ጨለማ ነው። የግቢው የመብራት ሞተር ተነስቶ መብራት ሲመጣ መሣሪያው ያጓራል። ከቆላው መንደር እጁ ተሰብሮ የመጣ ልጅ ይህን ሲሰማ ይጮኻል። አባቱም እንደ ልጁ ስለሚደነግጥ ልጁን አንስቶ ለመውጣት በሩን ይፈልጋል። ልጁ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ፊልሙ ይበላሻል። ራጅ የሚያነሱት ሰው፣ ትንሹም ትልቁም "ጋሼ" የሚላቸው፣ ኦሮምኛ አይችሉም። ስለዚህ በኮሪደሩ ብቅ ብለው እናቴን ይጣራሉ። እሷም መወልወያዋን ግድግዳ ላይ ታስደግፍና እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትገባለች።

"አካም፣ ናጋ?" ትለዋለች ልጁን፣ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ሰላም እንደምትል። ልጁ ግራ ገብቶት ዝም ይላል። "ሂን ሶዳቲን፣ ኢልመ ኮ፤ አትፍራ፣ ልጄ" እያለች ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የተሰበረውን እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትይዝለታለች። ጋሼ ሽርጡን ለብሰው ከመከለያው ግድግዳ ኋላ ይቆማሉ። መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ አንድ ነገር ጠቅ ይላል፣ አለቀ። ሽርጥ የለበሱት ጋሼ ከግድግዳ ኋላ ናቸው፤ ሽርጥ የሌላት እናቴ ከመሣሪያው ፊት። ልጁ ዝም ካለና ፊልሙ ከወጣ ሁሉም ይመርቃታል። ከዚያ ያለፈ ነገር ማንም አይጠይቅም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት የባዮሎጂ መምህራችን ጥሬ ጉበት በሳህን ይዘው ክፍል ገቡ። ቁስል የሚታጠብበትን፣ ውሃ የሚመስለውን መድኃኒት፣ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድን ማለቴ ነው፣ ጠብ አደረጉበት። ጉበቱ ፈላ። ነጭ አረፋ ኩፍ ብሎ ከሳህኑ ጠርዝ ፈሰሰ። "ያፈሰስኩበት መርዝ ነው" አሉን። "ሰውነታችሁ ራሱም በየጊዜው ይሠራዋል። ጉበታችሁ ውስጥ ያሉ ጠባቂዎች ግን ጉዳት ሳያደርስ ወደ ውሃና ወደ ኦክስጅን ይፈቱታል። የምታዩት አረፋ የእነሱ ሥራ ነው።" ከጠባቂዎቹ የአንዱ ስም ካታሌዝ ነው፤ ኤንዛይም ከሚባሉት ወገን።

ቀጥለው ስለ ጨረር አስረዱን። ጨረር በሰውነት ውስጥ ያለውን ውሃ ሲመታ ያንኑ መርዝና መሰሎቹን ይፈጥራል። ጠባቂዎቹ ሥራ ይበዛባቸዋል። ብዙ ጨረር በደረሰበት ሰውነት ውስጥ ደግሞ ራሳቸው ጠባቂዎቹ ሊዳከሙ ይችላሉ። ይህ በአይጥ ላይ እየተጠና እንደሆነ፣ ስንት ጨረር ምን ያህል እንደሚጎዳ ግን ሁሉም ገና ተለይቶ እንዳልታወቀ ጨመሩ። መምህሬ የተናገሩትን ሳላጎድልና ሳልጨምር ለመጻፍ እየሞከርኩ ነው። ያን ቀን ግን መጻፍ አቅቶኝ ነበር። ጓደኞቼ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ፤ እኔ የማየው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች የምትገባ ሴት ነው።

ትምህርቱ ሲያልቅ ተከትያቸው ወጣሁ። "የሌላ ሰው ልጅ ለመያዝ ብላ በየጊዜው ራጅ ፊት የምትቀመጥ ሴትስ?" አልኳቸው።

"ሽርጥ የላትም እንዴ?" አሉኝ፣ ዝናብ ላይ ዣንጥላ የላትም እንዴ እንደሚባለው።

የላትም። ከግድግዳ ኋላ የሚቆም ሰው ይለብሰዋል፤ እሷ የላትም።

ለክረምት ዕረፍት በጭነት መኪና በክብረ መንግሥት አድርጌ ነገሌ ገባሁ። ነገሌ በክረምት ደመናና ቀዝቃዛ አቧራ እንጂ ዝናብ የላትም። ሻንጣዬን ሳልፈታ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና ሳቀች።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አሞኛል አልኩሽ?"

"አላልሽም።"

"ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? ደግሞ እኔ ካልያዝኩ ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል?"

"ያዢያቸው። ሽርጡን ለብሰሽ ያዢያቸው።"

"እሱ የጋሼ ነው" አለች፤ በልጅነቴ ያለችኝን ያንኑ።

በማግስቱ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ ኮሪደሩ ላይ የተደረደረው በሽተኛ ሕመሙን ረስቶ እሳቸውን ያዳምጥ ነበር። ቆሜ፣ እጄን አጣምሬ፣ የተማርኩትን አስረዳሁ።

"የኔ ልጅ" አሉኝ፣ "ይህ እንደ ንፋስ ሽው ብሎ የሚያልፍ ነገር ነው። ሽርጡ በእኔ ፊርማ የወጣ ንብረት ነው፤ ቢሰነጠቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ለጽዳት ሠራተኛ ሽርጥ የሚል ደንብ አላየሁም።"

"ሽው ብሎ የሚያልፍ ከሆነ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ለምን ይለብሱታል?"

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ጋሼ መሳቂያ መሆን አልለመዱም። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "እሜቴ ዶክተር! እንግዲያው ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽን አሳዪኛ! ሁለት ቁራጭ ጉበት አምጪ። አንዱን ራጅ አነሳዋለሁ፤ አንዱን አላነሳውም። ራጅ የተነሳው እምቢ ብሎ አልፈላም ካለ ሽርጡን በገዛ እጄ አለብሳታለሁ። ከፈላ ግን ሁለተኛ ይህን ወሬ አታምጪብኝ!"

ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር። እሺ አልኩ።

በእኛ አገር ሽማግሌዎች የታረደ ከብት ሞራ ዘርግተው ዝናቡን፣ ሰላሙን፣ የሚመጣውን ያነባሉ። ስለዚህ ወሬው ከሐኪም ቤቱ ግቢ ወጥቶ ሱቆቹ በራፍ ሲደርስ መልኩን ለውጦ ነበር። ስኳር ልገዛ በሄድኩበት ባለሱቁ፣ "እንኳን ደህና መጣሽ! ዩኒቨርሲቲ ብንልካት ሞራ ገላጭ ሆና መጣች አሉ። እስኪ የኔንም አንብቢልኝ፣ ዘንድሮ ገበያው ይሞቃል?" አለኝ። "መጀመሪያ ስኳሩን በደንብ ይመዝኑ" አልኩት። አፌ ደፋር ነበር እንጂ መምህሬ የነገሩን ስለ ሕያው ሰውነትና ስለሚደጋገም ጨረር እንደሆነ አልረሳሁም። ቢሆንም ምናልባት፣ ትንሽም ቢሆን ልዩነት ይታይ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

አስቀድሜ ቤት ልሞክረው ብዬ እናቴን የፍየል ጉበት እንድትገዛልኝ ለመንኳት። ገዝታ መጣች። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን ፐሮክሳይድ ጠብ አደረግሁበት። ምንም የለም። ጨመርኩበት። ጉበቱ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ አንድ አረፋ እንኳ አልወጣውም። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ደጋግሜ ነቀነቅሁ።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ እናቴ።

"ሞቷል።"

"ፍየሉ ታርዶ ጉበቱ በሕይወት ይኖራል እንዴ?"

ከዚያ ነገሩ ገባኝ። በቆላ ጥሬ ጉበት አይቆይም። ስለዚህ እናቴ እንደ ሰፈራችን ሴቶች ሁሉ ጉበት ከገበያ እንደገባ በፈላ ውሃ ዘፍቃ ታወጣዋለች፤ እንዲያ ከሆነ እስከ ምሳ ሰዓት ይቆያል። ያን ቀንም ልማዷን አደረገች። ጠባቂዎቹን ሙቀት ገድሏቸዋል። ይህንን ስነግራት የከሰል ምድጃዋን አየች፣ ጉበቱን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ።

"የፈላ ውሃ ከነካው አይፈላም?"

"አይፈላም።"

"እንግዲያው ምን ያስጨንቅሻል? ራጅ የሚገባውን እኔ ዘፍቄ እሰጥሻለሁ። ቀለሙ ብዙ እንዳይለወጥ አውቅበታለሁ። ጋሼ ስለ ጉበት ምን ያውቃሉ?"

"እማዬ!"

"ሰው ፊት እንዳትዋረጂ ብዬ ነው። ሽርጡም ይገኛል፤ አንቺም ትከብሪያለሽ።"

አልዋሽም፤ አሰብኩበት። ከባድ አልነበረም። ሁለት ቁራጭ ጉበት፣ አንድ ድስት ውሃ። የማገኘውም ከምፈልገው ሁሉ የምፈልገው ነገር ነበር። ግን እንዲህ ብዬ ሽርጡን ካገኘሁ እናቴን የሚጠብቃት ውሸቴ ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ከዕለታት አንድ ቀን ይነቃበታል። ያን ጊዜ ሽርጡ ይመለሳል፣ እውነቱም ከውሸቱ ጋር አብሮ ይጣላል።

"አይሆንም" አልኳት። "ሌላ ግዢልኝ፣ የፈላ ውሃ እንዳታስነኪው። ሁለቱም ጥሬ ይሁን።"

"አባትሽን!" አለች። ግትርነቴ ከማን እንደመጣ ስትናገር እንዲህ ነው የምትለው። ነጠላዋን አጣፍታ ተመልሳ ወጣች።

ሞተሩ በሚነሳበት ቀን ሁለት የሻይ ሳህን ይዤ ሄድኩ። ከአንድ ጉበት የተቆረጡ፣ እኩል የሚሆኑ ሁለት ቁራጮች ነበሩ። ጋሼ ሽርጣቸውን ለበሱ፤ ጉበት ራጅ ለማንሳት እንኳ ለበሱት። አንዱን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። መብራቱ ደብዘዝ አለ፤ ጠቅ አለ። ሁለቱን ሳህኖች ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አቀረብኳቸው። በሽተኛው፣ አስታማሚው፣ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ሳይቀር ከበበን። እናቴ መወልወያዋን እንደያዘች ከሁሉም ኋላ ቆማለች።

ራጅ ባልተነሳው ላይ ጠብ አደረግሁ። ፈላ። ራጅ በተነሳው ላይ ጠብ አደረግሁ። እሱም ፈላ።

ጋሼ እጃቸውን አጨበጨቡ። "ተመልከቱልኝ! እንዲያውም ራጅ የተነሳው ባሰበት! ደስ ብሎት ነው!"

ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ ተጋጨ። አጎንብሼ ሳህኖቹን ደጋግሜ አየኋቸው። ልዩነት የሚባል ነገር አልነበረም።

"እስኪ ተናገሪ፣ እሜቴ ዶክተር። ምን ታየሽ?"

"ሁለቱም እኩል ፈልቷል" አልኩ።

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ይህ ከሰውነት ተቆርጦ የወጣ ጉበት ነው። ራጁም አንዴ ብቻ ነው የነካው። ሕያው ሰው ላይ በየጊዜው ሲደጋገም የሚሆነውን ይህ ሳህን ሊያሳየን አይችልም። አሳያለሁ ብዬ እሺ ማለቴ ስህተት ነው። ሽርጥ ያስፈልጋታል ማለቴ ግን ስህተት አይደለም።"

"ተሸነፍኩ በይና ይለቅልሽ!"

"ሙከራው የፈለግሁትን አላሳየም እላለሁ፣ ጋሼ። ተሸነፍኩ አልልም።"

"ሞራው እምቢ አላት!" አለ አንዱ ከኋላ። እንደገና ተሳቀ። ዘወር ስል እናቴ የቆመችበት ቦታ ባዶ ነበር። ከኮሪደሩ ማዶ ወለሉን ስትወለውል አየኋት። አሳፍሬያታለሁ ብዬ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢዬ እናትሽ በኋላ ታመመች ወይ ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አልታመመችም። ጤነኛ ናት፤ ገበያ ስትሄድ አልደርስባትም። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንላት አይደለም። አንድ ሰው ካልታመመ አይታመንም የሚለውን ነገር አልቀበልም። ጋሼም ታመው አልነበረም ሽርጡን የለበሱት። እንዳይታመሙ ነው የለበሱት። ለእሳቸው ማስረጃ ያልጠየቀ ሰው ለእናቴ ሲሆን ለምን ጉበት ይዘሽ ነይ ይላል?

ሞተሩ ቀጥሎ በተነሳ ቀን ለእናቴ ምሳ ይዤ ሄጄ ነበር። ከቆላው ወገን፣ ከግመል ላይ ወድቆ ክንዱ የታጠፈ ልጅ መጥቶ ነበር። ጩኸቱ ከግቢው በር ይሰማል። አባቱ ዱላውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ልግባ አልግባ እያለ። ጋሼ ሽርጣቸውን እንደለበሱ ብቅ አሉ።

"እትዬ! እስኪ ይምጡና ይህን ጉደኛ ይያዙልኝ!"

እናቴ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እስከ ክፍሉ ደፍ ድረስ ሄደችና ቆመች።

"ሽርጡን ይስጡኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ሽርጡን።"

ጋሼ ሳቅ አሉ። "እትዬ፣ ጉበቱ እኮ ፈላ! አንቱም ቆመው አይተዋል።"

"አይቻለሁ። እንዳይፈላ ማድረግ ትችል ነበር። ዘዴውን የነገርኳት እኔው እናቷ ነኝ። እምቢ አለችኝ። ሰው ሁሉ እየሳቀባት 'ሁለቱም ፈላ' አለች። ስለ ፍየል ጉበት ያልዋሸች ልጅ ስለ እኔ ጉበት አትዋሽም።"

ምሳውን እንደያዝኩ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

"እትዬ፣ ደንብ አለ..."

"ደንቡ ሽርጡን ለአንቱ ብቻ ከሰጠ ልጁንም አንቱ ይያዙታ።"

የልጁ አባት ምን እንዳለች በኦሮምኛ ጠየቀ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ተረጎመችለት። ሰውየው ጋሼን ከላይ እስከ ታች አየና ዱላውን ወለሉ ላይ አንዴ መታ። ኮሪደሩ ያን ቀን አልሳቀም።

ጋሼ በእልህ ወደ ልጁ ሄዱ። ልጁ ጥቁሩን ነገር ለብሰው ሲመጡበት ጩኸቱን አቀለጠውና በደህናው እጁ ፊታቸውን ቧጨረ። ደግሞስ ልጁን እሳቸው ከያዙት ከግድግዳው ኋላ ያለውን ቁልፍ ማን ይጫነው? ቆም ብለው አሰቡ። መሣሪያው ያጓራል፤ ሞተሩም ለዘላለም አይሠራም። የሽርጡን ማሰሪያ ከኋላቸው ፈቱ።

"ቢሰነጠቅ የሚጠየቁት አንቱ ነዎት!"

"እሺ፣ እኔ ነኝ" አለች።

እናቴ አጭር ናት። ሽርጡ ከአንገቷ እስከ ቅልጥሟ ወረደ፤ ክብደቱን እስክትለምደው አንዴ ወዝወዝ አለች። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። "አካም፣ ናጋ?" አለችው። ልጁ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ግራ ገብቶት ዝም አለ። ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ጋሼ ወደ መከለያቸው ሊሄዱ ሲሉ "ይቆዩኝ" አለቻቸው። ከጎኗ የተረፈውን የሽርጥ ጫፍ ልጁን ባልያዘችበት እጇ ሳበችና በልጁ ሆድ ላይ ጣል አደረገችው፣ ልክ ጉበቱ ያለበት ላይ። የት እንደሆነ ያሳየኋት እኔ ነበርኩ፤ ከፍየሉ ጉበት ሙከራ በፊት፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ ነግሬያት በሳቀችብኝ ቀን።

መብራቱ ደብዘዝ አለ። ጠቅ አለ።

ልጁን ለአባቱ ሰጥታ ስትወጣ ጋሼ እጃቸውን ዘረጉላት፣ ሽርጣቸውን ሊቀበሉ። አልሰጠቻቸውም። መስቀያው እሷ ከምትደርስበት በላይ ነበር። መወልወያዋ አጠገብ፣ በትከሻዋ ልክ፣ የጽዳት ልብሷን የምትሰቅልበት ምስማር አለ። ሽርጡን እዚያ ሰቀለችው።

"ነገም እፈልገዋለሁ" አለችና ምሳዋን ከእጄ ተቀበለችኝ።